ያቺ ቅዳሜ የማን በዓል ነበረች? «ራግቢ ብቻ ነበር» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በየቴሌግራሙ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ሁለቱ «አንብበው፣ አንጀት ያርሳል» ብለው፣ አንዱ ያለ ምንም ቃል፣ አንዷ የሳቅ ምልክት ጨምራ። አምስተኛው ጄፒ ላይ፣ ማለትም ጆሃንስበርግ ውስጥ የእኛ ሰዎች በሚነግዱበት ሰፈር፣ ከእኔ ሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ብርድ ልብስ የሚያከፋፍለው ጓደኛዬ ነው፤ እሱ «መልስ ካለህ መልስ» አለኝ። ነገሩ የተለመደው የፌስቡክ ስድብ ቢሆን አልፈው ነበር። ጽሑፉ ግን በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ደክመው ያነበቡ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ስማቸውን አላነሳም፣ ክርክሬ ከሐሳቡ ጋር ነው። ደግሞ ኤሊስ ፓርክ ስታዲየም በእግር በሚደረስበት ሰፈር እየነገድኩ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አላስቻለኝም።

ላላነበባችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። በ1989 የደቡብ አፍሪካ ራግቢ ቦርድ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ከየአገሩ የተለቀሙ ኮከቦች «የዓለም 15» ተብለው መጡና ከብሔራዊ ቡድኑ፣ ከስፕሪንግቦክስ፣ ጋር ሁለት ግጥሚያ አደረጉ። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከእኛው ጋር እያቀላቀልኩ እንዳላደናግራችሁ።) ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። ጨዋታው የልደት በዓል እንጂ የፖለቲካ ስብሰባ አልነበረም። ተጫዋቾቹ በግላቸው ተጋብዘው በግላቸው የመጡ ናቸው፣ አገር አልወከሉም። ራግቢውም ያኔ ለጥቁር በሩን ከፍቶ ነበር። ማግለል ማንንም አልለወጠም፣ በ1995 ማንዴላን አረንጓዴ ማሊያ ያስለበሰው እንዲህ ያለው መቀራረብ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ በ1976 በራግቢ የተነሳ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ መቅረቷ ምሩጽ ይፍጠርን ያስከፈለ ከንቱ መሥዋዕትነት ነበር። የመጨረሻዋ መስመር ደግሞ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ በስደተኞች ሱቅ ላይ የሚደርሰውን የምታነሳው፣ ጽሑፉን ያስወደደችው ትመስለኛለች፦ እኛ ኦሊምፒክ ቀረንላቸው፣ እነሱ ሱቃችንን አቃጠሉልን።

እውነት የሆነውን እውነት ብዬ ልጀምር። ጸሐፊው የ1989ኙን ቡድን «አማፂ ቡድን» የሚሉትን ሰዎች ሲያርሙ ልክ ናቸው። ዓለም አቀፉ የራግቢ ቦርድ ጉዞውን ያውቀዋል፣ ተጫዋቾችም በግል እንዲጋበዙ ፈቅዷል። አማፂ የሚባለው ከሦስት ዓመት በፊት የነበረው ነው። በ1985 የኒውዚላንዱ ኦል ብላክስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ሻንጣውን ሲያስር የአገሩ ፍርድ ቤት አገደው። በዓመቱ ከተመረጡት ተጫዋቾች ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ሌሎቹ «ካቫሊየርስ» የሚል ስም አውጥተው፣ ማኅበራቸውን ሳያስፈቅዱ ሄዱ። አንሄድም ያሉት ሁለቱ ዴቪድ ከርክና ጆን ከርዋን ናቸው። እግረ መንገዴን ልበለውና፣ «እምቢ ያለ ተጫዋች ራሱን ብቻ ጎዳ» ለሚለው ሐሳብ ከርክን የመሰለ መልስ የለም፤ በ1987 የመጀመሪያው የራግቢ ዓለም ዋንጫ ሲካሄድ ኒውዚላንድን በአምበልነት መርቶ ዋንጫውን ያነሳው እሱ ነው።

እንግዲህ የ1989ኙ ፈቃድ ነበረው። ፈቃድ መኖሩ ግን ፈቃዱን ስለሰጠው ክፍል እንጂ ስለ ጨዋታው ንጽሕና ምንም አይነግረንም።

ወደ ልደቱ እንምጣ። ጸሐፊው «መቶ ዓመት የሞላው ማንኛውም ተቋም ድግስ ቢደግስ ምን ነውር አለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ የጎደለው የማን መቶ ዓመት እንደሆነ ነው። ቦርዱ በ1889 ኪምበርሊ ላይ ሲመሠረት የነጮች ቦርድ ነበር። ራግቢ ግን በደቡብ አፍሪካ የነጮች ብቻ ሆኖ አያውቅም። ኬፕታውን ላይ «ከለርድ» የሚባሉት፣ ማለትም የድብልቅ ዘር ሰዎች፣ ክለቦች የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት በ1886 ነው፤ ከባለ ልደቱ ሦስት ዓመት ቀድመው። በ1897 ደግሞ እዚያው ኪምበርሊ አገር አቀፍ ቦርድ መሠረቱ። በምሥራቅ ኬፕ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጆች አያቶቻቸው የተጫወቱትን ራግቢ እስከ ዛሬ ይጫወታሉ። በ1989 የዓለም ኮከቦች የተጠሩት ለዚህ ሁሉ ታሪክ አይደለም። ከአንድ ቤት ልጆች ለአንዱ ብቻ ልደት ደግሰህ ሌሎቹን በመስኮት እያሳየህ «ፖለቲካ የለበትም» ብትል ጎረቤት ይታዘብሃል።

አሁን ቀኖቹን እንይ። ጸሐፊው የግጥሚያዎቹን ቀን ጽፈዋል፤ በዚያው ቀን ከስታዲየሙ ውጭ ምን እንደነበረ ግን አልጻፉም። ሦስት ቅዳሜዎችን ልቁጠር። ነሐሴ 19 ቀን ሕዝቡ ከዴዝሞንድ ቱቱ ጋር ሆኖ በኬፕታውን አካባቢ «ለነጮች ብቻ» ወደተባለ የባሕር ዳርቻ ሄደ፤ ፖሊስ ውሻና አለንጋ ይዞ ተቀበለው። ነሐሴ 26 ቀን እዚያው ኬፕታውን፣ ኒውላንድስ ላይ የመጀመሪያው ግጥሚያ ተደረገ፤ ስፕሪንግቦክስ 20 ለ 19 አሸነፈ። መስከረም 2 ቀን ሁለተኛው ግጥሚያ እዚህ ጆሃንስበርግ ኤሊስ ፓርክ ላይ ነበር። በዚያችው ቅዳሜ በኬፕታውን መሐል ከተማ ወደ ፓርላማ የሚሄዱ ሰልፈኞችን ፖሊስ በውሃ መድፍ ረጫቸው። ውሃው ወይንጠጅ ቀለም ነበረበት፤ ልብሱንና ቆዳውን ቀለሙ የነካው ሁሉ በኋላ እየተለቀመ እንዲታሰር የታሰበ ነው። ከሰልፈኞቹ አንዱ መኪናው ላይ ዘሎ ወጣና የመድፉን አፍ ጠመዘዘው፤ ቀለሙ በገዢው ፓርቲ ቢሮ ግድግዳ ላይ አረፈ። በማግሥቱ ከተማው ውስጥ በግድግዳ ላይ «ወይንጠጁ ያስተዳድራል» የሚል ተጽፎ ተገኘ። በእንግሊዝኛ «ወይንጠጅ» እና «ሕዝብ» የሚሉት ቃላት ድምፃቸው ይቀራረባል፤ «ሕዝቡ ያስተዳድራል» ደግሞ የፀረ አፓርታይድ ትግሉ ሰነድ የሆነው የነፃነት ቻርተር ቃል ነው። ቀልዱ እዚህ አገር እስካሁን ይነገራል።

ከአራት ቀን በኋላ፣ መስከረም 6፣ ምርጫ ነበር፤ አብዛኛው ሕዝብ፣ ማለትም ጥቁሩ፣ ድምፅ የማይሰጥበት ምርጫ። ለመምረጥ ለተሰለፈው ነጭ በዚያ ሳምንት የቀረበለት ሥዕል ምን ነበር? የዓለም ኮከቦች መጥተው አብረውት ሲጫወቱ። ዓለም ጀርባውን ሰጥቶናል የሚል ስጋት ለያዘው ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስታገሻ አለ? ይህን የምለው ተጫዋቾቹ ለምርጫ ቅስቀሳ መጡ ለማለት አይደለም። መምጣታቸው ብቻውን በቂ ነበር ለማለት ነው።

የመጀመሪያውም አይደለም። በ1977 ፕሪቶሪያ የሎፍተስ ቨርስፌልድ ስታዲየም ታድሶ ሲመረቅ እንዲሁ የዓለም ምርጥ ተብሎ ቡድን ተሰብስቦ ነበር፤ ነሐሴ 27 ቀን ስፕሪንግቦክስ 45 ለ 24 አሸነፈ። የጥቁሮች ሰፈር ሶዌቶ በፖሊስ የተገደሉ ተማሪ ልጆቿን ከቀበረች ገና ዓመት ከሁለት ወር ነው። የፀረ አፓርታይድ ታጋዩ ስቲቭ ቢኮ ከተያዘ ዘጠኝ ቀኑ ነበር፤ ስታዲየሙ ሲጨበጨብ እሱ በፖሊስ እጅ ነበር። መስከረም 12 ቀን ሕይወቱ ያለፈችው በዚያችው በፕሪቶሪያ ነው። ጸሐፊው ይህን የ1977ቱን ጨዋታ «የስታዲየም ምረቃ» ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል።

«በግል ነው የመጡት፣ አገር አልወከሉም» የሚለው የጽሑፉ ጠንካራ ክርክር ነው፤ ስለዚህ ቀለል አድርጌ አላየውም። እውነት ነው፣ የየአገራቸውን ማሊያ አልለበሱም፣ የየአገራቸው መዝሙር አልተዘመረላቸውም። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ለምን በግል? ከዚያ በፊት ሰባት ስምንት አሥርት ዓመታት ደቡብ አፍሪካ የምትጋብዘው የኒውዚላንድን፣ የአውስትራሊያን፣ የእንግሊዝንና የአየርላንድን ጥምር ቡድን ነበር። በ1977 የኮመንዌልዝ አገሮች ግሌንኢግልስ ላይ ተስማምተው ዜጎቻቸው ከአፓርታይድ ጋር እንዳይጫወቱ ለማድረግ ቃል ሲገቡ ያ በር ጠበበ። በር ሲጠብ በመስኮት ይገባል። «ከየአገሩ የተለቀመ ቡድን» ማለት መንግሥታት የተስማሙበትን ነገር የማንም መንግሥት ሳይጠየቅበት ማለፊያ ነው። ባንዲራ የሌለው ቡድን የተፈለገው ባንዲራ ያለው እንዳይመጣ ስለተከለከለ ነው።

በዚያ ላይ ግለሰብ የነበረው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ከፊታቸው የቆመው ስፕሪንግቦክስ ሙሉ ብሔራዊ ቡድን ነበር፤ ሁለቱም ግጥሚያዎች እስካሁን በደቡብ አፍሪካ መዝገብ እንደ ሙሉ ኢንተርናሽናል ተቆጥረው ለተጫዋቾቹ ተመዝግበዋል። ኳሱን የጣለው ብሔራዊ ቡድን፣ የተቀበለው ግን «እንዲሁ ለፍቅር የመጣ ሰው» የሚሆንበት ጨዋታ የለም።

ግለሰብነትን ካነሳን ደግሞ የማዖሪዎቹን፣ የኒውዚላንድን ነባር ሕዝብ፣ ነገር ልጨምር። በ1960 ኒውዚላንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ስትሄድ የራሷን ማዖሪ ተጫዋቾች ቤት ትታ ነው፤ አስተናጋጁ ስላልፈለጋቸው። በ1970 ተፈቀደላቸው፣ ግን እንዴት? «የክብር ነጭ» ተብለው። ጸሐፊው «ሰው እንደ ሰው ተጋበዘ» ይላሉ። አፓርታይድ ማንንም እንደ ሰው ጋብዞ አያውቅም፤ ኤርፖርት ላይ ቀለም መድቦ ነው የሚያስገባ።

«በነፃ ነው የተጫወቱት» ስለሚለው ብዙ አልልም። ጨዋታውን ትልቅ ባንክ ነው የደገፈው። ከዌልስ ብዙ ተጫዋቾች ስለሄዱ እዚያ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ፣ ገንዘብ ተከፍሏቸዋል የሚል ስሞታም ቀረበ፣ ማኅበሩም ቨርነን ፑ የተባለ ጠበቃ አስመረመረ። ለማንም እጅ ሳልቀስር አንድ አስገራሚ ነገር ብቻ ልጥቀስ፦ ይኸው ሰው ነው በ1995 ፓሪስ ላይ ራግቢ በይፋ የክፍያ ስፖርት ሆኗል ብሎ ለዓለም ያበሰረው።

ይህን ስል ከየአገሩ የተለቀመ ቡድን ሁሉ ክፉ ነው እንዳይመስል። እኔ እንዲያውም እወዳቸዋለሁ። በ1992 የኒውዚላንድ ራግቢ መቶኛ ዓመት ሲከበር «የዓለም 15» ሄዶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ግጥሚያ አደረገ፤ የመጀመሪያውን ክራይስትቸርች ላይ 28 ለ 14 አሸነፈ፣ ኦል ብላክስም በሁለተኛው 54 ነጥብ ቆጥሮ ካሰ። በ2008 ደግሞ በለንደን ዌምብሌይ ባርባሪያንስና አውስትራሊያ የተጫወቱት የ1908ቱን የለንደን ኦሊምፒክ የራግቢ ፍጻሜ ለማስታወስ ነው። ባርባሪያንስ ቤት የላቸውም፣ ሜዳ የላቸውም፤ ተጫዋቹ ጥቁርና ነጭ ማሊያውን ይለብስና ካልሲው የራሱ ክለብ ካልሲ ይሆናል፤ እግሩን አይተህ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ማን ይጠላል? ዌምብሌይ ላይ ግን አንድም ሰው በቀለሙ ምክንያት ከበር አልተመለሰም፣ ዌምብሌይን ከበው የተረጩም የሉም።

«ራግቢው ተከፍቶ ነበር» የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። ኤሮል ቶቢያስ በ1981 ስፕሪንግቦክስ ማሊያ ለብሷል፤ ይህን ያነሱት ልክ ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ግን ቶቢያስ ማሊያውን አውልቆ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚመለሰው ሕግ ወዳዘዘለት ሰፈር ነው። የት ሰፈር ማን ይኖራል የሚለው ሕግ የተሻረው በ1991 ነው፤ የ1989ኙ ጨዋታ ካለፈ በኋላ። አብዛኛው ጥቁር ራግቢ ተጫዋች ደግሞ በሌላ ማኅበር ሥር ሆኖ በኢብራሂም ፓቴል እየተመራ «ባልተስተካከለ ኅብረተሰብ ውስጥ የተስተካከለ ስፖርት የለም» ብሎ ከድግሱ ውጭ ቆሟል። በር ተከፍቷል ካልን አብዛኛው ሰው ለምን ውጭ ቆመ?

አሁን ወደ መቀራረቡ። ጸሐፊው እዚህ ጋ ቅደም ተከተሉን ያምታቱታል። መቀራረብ የተጀመረው በኮከቦቹ ጨዋታ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በጥቅምት 1988 ሐራሬ ላይ ነው። የቦርዱ ሊቀመንበር ዳኒ ክሬቨንና ሌላው የራግቢ ሹም ሉዊ ላይት ከፓቴል ማኅበርና ከማንዴላ ድርጅት ከኤኤንሲ ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ክሬቨን፣ ሽማግሌው ክሬቨን፣ ከታገደ ድርጅት ጋር! በአገሩ ብዙ ተወቅሶበታል። ለምን ሄደ? ወደ ዓለም መመለስ ስለፈለገ። ቁልፉ ያለው በተገፉት ሰዎች እጅ መሆኑ ስለገባው። ይህን ያስገባው መገለሉ ነው። እንግዲህ ውይይቱ ተጀምሮ ሳለ ዓመት ሳይሞላው ኮከቦች በጎን በር ሲገቡ ጠረጴዛውን የሚያጠነክሩት ወይስ የሚያላሉት ይመስላችኋል?

ማንዴላ በ1995 በዚያ ማሊያ የሠራው ሥራም ከዚህ ይመነጫል። ሰኔ 24 ቀን፣ በራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ቁጥር 6 አረንጓዴ የስፕሪንግቦክስ ማሊያ ለብሶ ኤሊስ ፓርክ ሲገባ ለነጩ ሕዝብ የመለሰለት ነገር የተወሰደበትን ነገር ነው። ያልተወሰደ ነገር ምኑ ይመለሳል? ልጅ ካልጾመ ፍስኩ አይጥመውም።

መቀራረብ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ማየት ለፈለገ ደግሞ በመሐል ያለውን ጨዋታ ልጥቀስለት፤ ጽሑፉ የዘለለው። በመጋቢት 1992 የራግቢ ማኅበራቱ ተዋሐዱ፣ ነሐሴ 15 ቀን ኒውዚላንድ መጥታ ኤሊስ ፓርክ ላይ ተጫወተች። ስምምነቱ የአሮጌው መንግሥት መዝሙር እንዳይዘመርና በዚያው ዓመት ቦይፓቶንግ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር በጅምላ ለተገደሉት የኅሊና ጸሎት እንዲደረግ ነበር። ሕዝቡ ግን መዝሙሩን ዘመረ፣ ባንዲራውን አውለበለበ፤ ኒውዚላንድ 27 ለ 24 አሸነፈች። በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያው ስታዲየም፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ሌላ መዝሙር የተዘመረው ተጨማሪ ኮከቦች ስለመጡ አይደለም። ምርጫ ተደርጎ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ያ ሕዝብ ድምፅ የሰጠው አብሮት ከሚኖረው ሰው ጋር ተሰልፎ ነው። አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። አፓርታይድን የጣለው ስፖርት ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። በ1985 የውጭ ባንኮች ብድር አናድስም ማለታቸው፣ በየሎኬሽኑ፣ በየጥቁሮች ሰፈሩ ማለት ነው፣ የተነሳው ሕዝብ፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት፣ እነዚህ ሁሉ ከራግቢ ይከብዳሉ። ራግቢ የራሱ ሚዛን ነበረው፤ ያም የቤተሰቡን ቅዳሜ የሚያውክ ሚዛን ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ አማርኛ አንባቢዎች ጉዳይ። ሞንትሪያል 1976።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያቀረቡት የሕግ ክርክር የኦሊምፒክ ኮሚቴው ራሱ ያኔ ያቀረበው ነው፦ ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም፣ ታዲያ ኒውዚላንድ በምን ትባረር? በወረቀት ልክ ነው። ራግቢ ከ1924 በኋላ ከኦሊምፒክ ወጥቶ እስከ 2016 አልተመለሰም። ግን ቀኑን እንመልከት። ሶዌቶ ላይ ተማሪዎች የተገደሉት ሰኔ 16 ቀን ነው። ሬሳው ሳይደርቅ፣ በዚያው ወር መጨረሻ፣ ኦል ብላክስ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ መጫወት ጀመረ። ኦሊምፒኩ ሐምሌ 17 ተከፈተ። ኮሚቴው ራሱ ደቡብ አፍሪካን ከ1964 ጀምሮ ከኦሊምፒክ አግልሎ ነበር። እንግዲህ ከ20 የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ያሉት ይህን ነው፦ ራሳችሁ ያወጣችሁትን ሕግ ጎረቤታችሁ በኳስ ቅርጽ ሲያፈርሰው ዝም ትላላችሁ? ኢትዮጵያም ከእነዚያ አንዷ ነበረች።

መሥዋዕትነቱ ከንቱ ነበር የሚለውን ግን በፍጹም አልቀበልም፤ ውጤቱን ስለማውቅ። አፍሪካ ከሞንትሪያል በቀረች በዓመቱ፣ በ1977፣ ኮመንዌልዝ ግሌንኢግልስ ላይ ተቀምጦ ያንን ስምምነት ያወጣው በቀጣዩ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ላይም አፍሪካ እንዳትቀር ፈርቶ ነው። ኒውዚላንድም በ1981 ስፕሪንግቦክስን ጋብዛ በገዛ አገሯ ሜዳ ላይ ሰልፈኛ ገብቶ ሐሚልተን ላይ ጨዋታ ከተሰረዘባት በኋላ ደቡብ አፍሪካን ዳግም ያስተናገደችው አፓርታይድ ሲያበቃ ነው። ከንቱ የሚባል ነገር እንዲህ አይደለም።

ምሩጽ። እዚህ ጋ ብዕሬ ይቀዘቅዛል፤ ጸሐፊው ምሩጽን ሲያነሱ የእኔንም አንጀት ነክተዋል። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቷል፣ በ5,000 ሜትር በግርግር ሳይሮጥ ቀርቷል፤ ሞንትሪያል የሱ ቀን ልትሆን ነበር። ወርቆቹን ላሴ ቪረን ወሰዳቸው። ይህ የተከፈለ ዋጋ ነው፣ ምሩጽ ብቻም አይደለም የከፈለው፤ የታንዛኒያው ፊልበርት ባዪ ከኒውዚላንዱ ጆን ዎከር ጋር በ1,500 ሜትር እንዲገናኝ ዓለም ሲጠብቅ ባዪ ቀረ፣ ወርቁን ዎከር ወሰደ። ዋጋ መክፈል ግን ጉዳዩ ስህተት እንደነበረ አያሳይም፤ ጉዳዩ ዋጋ ያለው መሆኑን እንጂ።

ደግሞ ጸሐፊው ያላወቁት ወይም የረሱት አንድ ነገር አለ። ምሩጽ በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ስታዲየም ሮጧል። በ1979 የአትሌቲክስ ዓለም ዋንጫ እዚያ ተካሄደ፤ በዚያ ዋንጫ አኅጉራትም በቡድን ይወዳደሩ ነበር፤ ምሩጽ የአፍሪካን ምርጥ ቡድን ማሊያ ለብሶ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ። ከየአገሩ የተለቀመ ቡድን ስለሚባለው ነገር ካነሳን እኔን የሚያኮራኝ ያ ቡድን ነው፤ ለአንድ ቦርድ ልደት ያልተሰበሰበው።

የእኛ ታሪክ በ1976 አልተጀመረም። በ1957 ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ከአራቱ መሥራቾች አንዷ ነበረች። ነጭ ብቻ ወይም ጥቁር ብቻ ቡድን እልካለሁ አለች፤ ድብልቅ አልቀበልም አለች፤ ተባረረች። የተመደበችው ከእኛ ጋር ነበር፤ በፎርፌ ፍጻሜ ገባንና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን። (አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፤ ይህን ማስታወሱ እስካሁን ያመኛል።) ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው ይህን ጉዳይ ሲታገሉ ኖረዋል። በፍርድ ቤትም ቢሆን ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን ሄግ ላይ ከሰሰች። ይህን ሁሉ ያደረገችው በ1936 ጄኔቫ ላይ ብቻዋን የቀረች አገር ናት፤ የተተወ ሰው ምን እንደሚሰማው ከመጽሐፍ አልተማረችውም።

ስለ ሱቁ ልናገር፤ እሱን ሳልመልስ ብወጣ ጓደኛዬ አይለቀኝም። እኔም ተዘርፌያለሁ። ሎኬሽን ውስጥ በነበረኝ ሱቅ አንድ ሌሊት ፍሪጁን ሳይቀር ወስደው የቀረው የግድግዳው መደርደሪያ ብቻ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመለከትኩ፣ የክስ ቁጥር ሰጡኝ። ቁጥሯ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለች፤ ሌላ ነገር አልተከተላትም። ስለዚህ ንዴቱን ከመጽሐፍ አላነብም። ግን ያን ሌሊት ሱቄን የሰበሩት ልጆች ሞንትሪያል ሲቀር አልተወለዱም፤ ብዙዎቹ ማንዴላ ማሊያውን ሲለብስ እንኳ ገና አራስ ነበሩ። ኢትዮጵያ ከኦሊምፒክ መቅረቷን ለእነሱ በዱቤ አልሰጠችም። ዱቤ ቢሆን ደብተር ይኖረው ነበር፤ የሱቅ ሰው ስለሆንኩ ደብተር ያለውን ከሌለው እለያለሁ። ጸሐፊው ያለ ደብተር ዕዳ ሲጠይቁ ነው ያገኘኋቸው።

ጽሑፉን ሳዘጋጅ አንድ የቆየ ደንበኛዬ መጣ፤ ሰፈሩ ማዳላ ይለዋል፣ ሽማግሌ ማለት ነው። የሚገዛው ለልጅ ልጁ አረንጓዴ ማሊያ ነው፣ ቁጥር 6። (ኦሪጅናል አይደለም፤ እሱም ያውቃል፣ ስለዚህ ነው የሚከራከረኝ።) በ1989ኙ ጨዋታ ላይ እየጻፍኩ መሆኔን ነገርኩት። ሳቀ። ያቺን ቅዳሜ ኤሊስ ፓርክ በር ላይ ብርቱካን ይሸጥ እንደነበር፣ ጨዋታውን በሰው ሬዲዮ እንደሰማ ነገረኝ።

«ማንን ነበር የምትደግፈው?» አልኩት።

«የመጡትን ነዋ! እኛ ሁልጊዜ የመጡትን ነበር የምንደግፈው፣ ማንም ይምጣ።»

ከዚያ ማሊያውን አጥፎ ፌስታል ውስጥ እየከተተ ስለ ውርርዱ አወራኝ። ከአንድ የማዕድን ሠራተኛ ጋር ተወራርዶ ነበር፤ አሥር ራንድ ተበልቷል። ጸሐፊው የሁለተኛውን ግጥሚያ ውጤት 22 ለ 19 ብለው ጽፈዋል። ማዳላን ጠየቅኩት። 22 ለ 16 ነበር አለኝ፤ መዝገቡም እንደዚያ ነው የሚለው።